የእጀ ቅቤ አዲስ ዘንግ

ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። ወይስ ሃያ? አራሚው ይህን ነገር ለሰው ባወራ ቁጥር እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ማተሚያ ቤት ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም የኖረ ሰው፣ የራሱን አንዲት ቀን ማረም ሲያቅተው ያፍራል። «ሰኞ መሆኑን ግን አልጠራጠርም» ይላል፤ ጋሼ ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣው ፀጉር ቤቱ ዝግ በሚሆንበት በሰኞ ብቻ ነበርና። ይልና ደግሞ ይጠራጠራል። ፀጉር ቤቱ ያኔ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ለጋሼ ቀኑ ሁሉ ሰኞ ሆኖ ነበር።

ጋሼ የሚለው የታላቅ እህቱን ባል ነው። የሰፈሩ ሰው ግን «እጀ ቅቤ» ይለው ነበር። ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲያልፍ አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ቢላ ሲስል የሚውለው ሥጋ ሻጩ እንኳ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ጋደም ባለ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያንኮራፋ ነበር። «ሰውዬ፣ እኔ የማስተኛው ሕፃን ነው ወይስ በሬ?» ይለዋል እጀ ቅቤ፣ አረፋውን ከጆሮው ሥር እየጠረገ። ሥጋ ሻጩም ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «በሬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እኔ አርጄው ነበር» ይላል።

ፀጉር ቤቱ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ወርዱ ሦስት እርምጃ፣ ርዝመቱ ስድስት። ሦስት ሰው አጨናንቆ የሚያስቀምጥ አግዳሚ፣ ጥጉ የተላጠ መስተዋት፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ የምላጭ መሳያ ጠፍር፣ ቶንዶሱ የሚቀመጥባት መሳቢያ፣ መካከል ላይ ደግሞ አንድ ወንበር። የወንበሩ ቆዳ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ብረቱ ግን የድሮው ነው፣ ሲሽከረከር እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቋቋል። ፎቶ ኮፒው ግድግዳ ማዶ ሲሠራ መስተዋቱ በቀስታ ይርገበገባል፤ የተቀመጠው ሰው የገዛ ፊቱ ሲንቀጠቀጥ ያያል።

እጀ ቅቤ አንድ ሕግ ነበረው። ማታ ሲዘጋ ወለሉን ይጠርግና፣ ጥቁሩን ከሽበቱ ጋር አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት እየገለበጠ፣ «ወንበር ላይ የተወራ ከፀጉሩ ጋር ይጠረጋል» ይላል። ቀልድ አልነበረም። ሰው በዚያ ወንበር ላይ የሚስቱን ክፋት፣ የወንድሙን ክዳት፣ የሐኪሙን ቃል ሁሉ አውጥቶ ይዘረግፋል። የአንዱ ነገር ወደ ሌላው ጆሮ ደርሶ ግን አያውቅም። የአራሚው እህት በሕይወት ሳለች፣ «እኔ ያገባሁት ሰው መስሎኝ፣ የተቆለፈ ሣጥን ኖሯል» ትል ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ሊያገባ መሆኑን የሰማችው የጥሪ ካርዱ በበር ሥር ሲገባ ነው። ሙሽራው ግን ወር ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ምጡን ሲያወራ ከርሟል። ስትቆጣው፣ «ዝም አይነቅዝም» ብሏት አሳቃት።

አራሚውን ግን ይህ ሕግ አያስቀውም ነበር።

አባቱ የድልድይ ሥራ ፎርማን ነበሩ። ቁጡ፣ ቃላቸው እንደ ብረት ቀዝቃዛ። እናቱ ስትታመም እህቱ «ቶሎ ና» ብላ ደወለችለት። እሱ በሌላ ከተማ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በማረም ላይ ነበር። ሠላሳ ገጽ ቀርቶታል። ገጾቹን ልጨርስና ልምጣ አላት፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል አላት። ሲደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። አባቱ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው አንድ ጊዜ ብቻ አዩትና፣ «አንድ ቀን» አሉ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አላነጋገሩትም።

በአራተኛው ዓመት አባት ራሳቸው ተኙ። በመጨረሻዋ ቀን ጧት፣ አስታማሚውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጡና አማቻቸውን አስጠሩ። «ጺሜን ላጨኝ» አሉ። እጀ ቅቤ ሳሙናውንና ሳህኑን ይዞ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አራሚው ኮሪደሩ ላይ፣ የታጠፈ አንሶላ በተቆለለበት ጋሪ አጠገብ ቆሞ ነበር። በበሩ ማዶ የአባቱ ድምፅ ይሰማዋል። ብዙ ይናገራሉ። በሕይወታቸው በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም። ቃሉ ግን አይለይም። መጨረሻ ላይ ሳቅም ልቅሶም ሊሆን የሚችል ነገር ሰማ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እጀ ቅቤ ወጣ። ሳህኑ ውስጥ አረፋውና ነጭ ጺሙ ተንሳፍፏል። «አለቀ» አለ። «ግባና እያቸው፣ አምሮባቸዋል።» ሲገባ አባቱ ተኝተው ነበር፣ ጉንጫቸው እንደ ሙሽራ አብርቶ። ሳይነቁ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአራሚው ሆድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተቀምጧል። አባዬ ምን አለ? ስሜን አንሥቶ ነበር? ይቅር ብሎኝ ሞተ ወይስ ረግሞኝ? መልሱን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያሳርፍበታል። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እህቱ በሞተች በአርባኛው ቀን ገደማ፣ ደፍሮ ጀምሮት ነበር። «ጋሼ፣ አባዬ ያን ዕለት...» ሲል፣ ለስላሳው እጅ ማጅራቱ ላይ አረፈና፣ «አንገትህን ዝቅ» አለው። ዝቅ አደረገ። እዚያው ቀረ።

ከዚያች ሰኞ በፊት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የእጀ ቅቤ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር አጋጨ። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ አለው። ደንበኞቹ አዩ፤ ሥጋ ሻጩም ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ አልወሰደውም። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ምላጩ የአራሚውን ጆሮ ጫፍ ነካ። በአርባ አምስት ዓመት ሥራ የመጀመሪያዋ ደም ይህች ነበረች። እጀ ቅቤ ደሟ እስክትቆም ድረስ ጥጡን ይዞ ቆመ። ይቅርታ አላለም። ጋዋኑን አውልቆ ምስማሩ ላይ፣ ከጠፍሩ አጠገብ ሰቀለው። በሳምንቱ ወንበሩን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ወስዶት ሄደ፤ በጠባቡ በር አልወጣ ብሎ ተጋድሞ ነው የወጣው። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ «አባቢ፣ ብቻህን አልተውህም፤ ባሌ መጥቶ ያመጣሃል» አለችው። ባሏም ማክሰኞ ሊመጣ ቀን ተቆረጠ።

የድሮ ደንበኞቹ ተሰበሰቡና የመሸኛ ስጦታ ይሁን ተባለ። ሰውየው ከምላጭ ሌላ የሚወደው ዓሣ ማጥመድ ብቻ ስለሆነ፣ ዘንግ ይገዛለት ተባለ። ማን ይግዛ ሲባል ሥጋ ሻጩ፣ «ፊደል የቆጠረው ይሂድ» አለ። አራሚውም ሄደ። የስፖርት ዕቃ መደብሩ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓይነት ዘንግ ተሰቅሏል። ስለ ዘንግ የሚያውቀው የለም፤ ስለ ጽሑፍ ግን ያውቃል። ስለዚህ የሣጥኖቹን ጀርባ አንድ በአንድ አነበበና ሐረጉ የጣመውን መረጠ። «ለስላሳ እጅ ላለው አጥማጅ፤ ለባስ ዓሣ» ይላል። ለእጀ ቅቤ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? ከፍሎ ወጣ።

ሰኞ ጧት ከከተማው ዳር፣ ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ሄዱ። ለጡብ ሲባል አፈሩ የተቆፈረበት ሰፊ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። ዳሩ ቀይ ጭቃ ነው፤ ግማሽ የተቃጠለ ጡብ በየቦታው ወድቋል። ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ ማን እዚያ እንደጨመረው አይታወቅም፤ ብቻ አለ። ሰማዩ አመድ መስሎ ዝቅ ብሏል። እጀ ቅቤ ሠላሳ ዓመት በሸንበቆና በትል ሲያጠምድበት ከኖረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሣጥኑን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው? ክሩ የጫማ ማሰሪያ ያህላል።»

«የዝንብ ዘንግ ነው አሉ ጋሼ። እኔም ቤት ገብቼ ነው ያወቅሁት። በትል አይሠራም። ጫፉ ላይ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይታሰራል። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወናጨፉ ነው የሚጥሉት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል።»

«ሌላስ ምን ይላል ወረቀቱ?»

«ሦስት የፊደል ስሕተት አለበት።»

«እሱን ማን ጠየቀህ፣ አንተ ልጅ!» ሳቀ። አራሚው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእጀ ቅቤ ግን ከእህቱ ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ ሽማግሌ ሲላክ ያየው ልጅ ነው። «ሰው ይገዛልኛል ብዬ የጠበቅሁት ዘንግ ነበር። ጅራፍ ገዛህልኝ።»

ከዘንጉ ጋር ከመጣችው ትንሽ ቆርቆሮ አንዱን ዝንብ አነሣ። ዝንብ ይባል እንጂ እንቁራሪት የሚመስል፣ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ አረንጓዴ ነገር ነው። ዐይኑ ሥር አስጠግቶ አገላበጠው፤ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ማን ነው የቆረጠው? ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በዚህ መልኩ ሰው ፊት ይወጣል?» ከደረት ኪሱ ትንሿን መቀስ አወጣ። ሱቁ ተዘግቷል፣ መቀሷ ግን ከኪሱ አልወጣችም ነበር። የእጁን አንጓ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እጁ እስኪረጋ ጠብቆ፣ አንድ ቆረጠ። ደግሞ ጠበቀ፣ ደግሞ ቆረጠ። ጉልበቱ ላይ የወደቀውን እፍ ብሎ አራገፈ። «የመጨረሻው ደንበኛዬ» አለ። «ጉርሻ እንኳ አይሰጥም።»

ክሩን በዝንቡ ቀዳዳ ማሾለክ ግን አልሆነለትም። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በአራተኛው ሁለቱንም ለአራሚው አቀበለውና ወደ ውሃው ዞረ። አራሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ቋጠረ።

መጀመሪያ የወረወራት ክር ገና አየር ላይ ተልፈስፍሳ ባርኔጣው ላይ ተከመረች። ሁለተኛዋ ትከሻው ላይ። «ዓሣውን ተወው፣ እኔን እያጠመደ ነው» አለ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ዐሥረኛ። ዘንጉን ይዞ ዝም ብሎ ሲቆም የእጁ መንቀጥቀጥ ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይበዛል። ኪሱ ከትቶ ሊደብቀው የሚችለውን ነገር ዘንጉ ከፍ አድርጎ ለሰማይ ያሳያል። አራሚው ዐይኑን ወደ ጡቦቹ መለሰ።

በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። እጀ ቅቤ ሥራ ላይ ሳለ፣ በሁለት ቆረጣ መካከል መቀሱን ባዶ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ አለው። አሁን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አራሚው አየ። «ቀጭ» ይላል ወደ ኋላ፤ ይጠብቃል፤ «ቀጭ» ይላል ወደ ፊት። ክሩ ከኋላው ተዘረጋ፣ በራሱ ላይ አለፈ፣ ፊት ለፊት ተፍታታና ዝንቡ ውሃው ላይ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። ደገመው። ያው ሆነ። ክንዱ ሲወናጨፍ መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ሲያርፍ ይመለሳል። እንዲያ ከሆነ ዘንግ ይበጀዋል ማለት ነው። ምላጭ ግን የሚፈልገው የሚያርፍ እጅ ነው።

«አየህ?» አለ ዞር ሳይል። «አሁንም ቅቤ ነው።»

«ቅቤ ነው ጋሼ።»

«ና ሞክር።»

አራሚው ዘንጉን ተቀበለ። ወደ ኋላ ወነጨፈና ጠበቀ፤ ወረቀቱ ጠብቅ ይላል። ክሩ ከኋላው ሣር ላይ ወደቀ፣ መንጠቆው እሾህ ያዘ። ነቅሎ መጣ፤ ደገመ፤ እሾሁ ደግሞ ያዘው።

«ብዙ ትጠብቃለህ» አለው እጀ ቅቤ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ብቻ ነው ያስተማሩህ መሰለኝ። የሚጠበቀው ከኋላ እስኪዘረጋ ነው። ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ የምን መቆም ነው?»

አራሚው መንጠቆውን ከእሾሁ እያላቀቀ፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም ብሎ አሰበ። ወንበሩ ተሸጧል። ጠፍሩ ወርዷል። ወንበር ላይ የተወራ የሚጠረገው ወንበር እስካለ ድረስ ነው፤ ወንበር ከሌለ ሕጉም የለም። ነገ ማክሰኞ ነው። ይጠይቃል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያኔ ኩሬው ላይ አንድ ነገር ጧ አለ።

መንጠቆው ከእሾሁ እንደተላቀቀ እጀ ቅቤ ዘንጉን መልሶ ወስዶ ነበርና፣ ዝንቡን ከሰመጠ የእንጨት ሳጥን አጠገብ ጥሎታል። ዓሣው ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ፣ ጎኑ አረንጓዴ፣ አፉ የሰው ጡጫ የሚያስገባ። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። «ያዘው ጋሼ! ያዘው!» «ምን ልያዘው፣ ያዘኝ እንጂ!» ሰውየው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ተንበረከከ፣ አልለቀቀም። ፊቱ ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ያልታየ ነገር በራ። ክሩን በጣቱ እያሳለፈ ቀስ በቀስ ዓሣውን እስከ ዳሩ አመጣው። የቀረው በእጅ መያዝ ብቻ ነው። ዘንጉን በግራው ይዞ፣ ቀኙን ወደ ዓሣው አፍ ዘረጋ። እጁ አረፈ። ሲያርፍ ተንቀጠቀጠ። ጣቶቹ ከንፈሩን ነኩ፣ ሳቱ፣ ነኩ። መንጠቆው ተፈታ። ዓሣው ለቅጽበት፣ ነጻ መውጣቱን ያላወቀ ይመስል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቆየ። ከዚያ ሄደ።

እጀ ቅቤ እንደተንበረከከ ቀረ። የቀኝ እጁን በግራው ይዞ፣ የሰው ዕቃ የሚመልስ ይመስል ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሄደ» አለ።

«ሌላ ይመጣል ጋሼ።»

«ይመጣል እንጂ።»

ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱ፤ ለእጀ ቅቤ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ፣ እንዳይደፋ። አራሚው ይህን ሳያስበው ማድረጉን ሲያውቅ አዘነ። ነፋሱ ኩሬውን አጨማደደው። ከዚያ እጀ ቅቤ በገዛ አፉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አባትህ ይሄን ቢያዩ ይስቁብኝ ነበር» አለ። «ሳቃቸውን አልረሳውም።»

አራሚው ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። አባቱ ሲስቁ የሰማቸው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ያን ዕለት በበሩ ማዶ የተሰማው ሳቅ ነበር ማለት ነው? ወይስ ጋሼ የሚለው ስለ ሌላ ቀን ነው? በሩ ተከፍቷል። አሁን ነው። ግን እንዴት ይባላል? «አባዬ ያን ዕለት ምን አለህ?» አይሆንም፣ ምርመራ ይመስላል። «ስለ እኔ አንሥቶ ነበር?» ይሄ ደግሞ የልጅ ነው። «ጋሼ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት...» ረዘመ። ቃሉን አነሣ፣ ጣለ፣ ቦታ ቀያየረ። ማተሚያ ቤት ቢሆን ኅዳጉ በቀይ ይሞላ ነበር። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ከፋብሪካው በር በኩል ክላክስ ጮኸ።

የልጁ ባል ነበር። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሳይበላሽ ብሎ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል። ቤት ሄዶ ሲያጣው፣ ቁልፍ ቀራጩ እዚህ ነው ብሎ ጠቆመው። ሻንጣውንም ጭኖታል። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይፍጠኑ እንጂ፣ ሳይጨልም ድልድዩን እንለፍ!» ብሎ ጮኸ።

እጀ ቅቤ ተነሣ፣ የጉልበቱን ጭቃ አራገፈ። «ዘንጉ አንተ ዘንድ ይቆይ» አለ። «እዚያ ውሃ የለም ትላለች ልጄ።»

«ጋሼ...»

ሰውየው ጠጋ ብሎ የአራሚውን አገጭ በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ልክ በወንበሩ ጊዜ እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። የእጁ መንቀጥቀጥ እስከ ጥርሱ ድረስ ተሰማው። «ጺምህ አድጓል» አለ። «ሰው ፈልግ። እንዲህ ሆነህ አትቆይ።» ክላክሱ ደገመ። «ኧረ መጣሁ! አማች ሳይሆን የእሳት አደጋ መኪና ነው የሰጠችኝ።»

የሚረግጠውን ጡብ እየመረጠ፣ እንዳይንሸራተት እየተጠነቀቀ ሽቅብ ወጣ። አራሚው ዘንጉን ይዞ ቆመ። «ጋሼ!» ብሎ ተጣራ፣ ከጠበቀው በላይ ጮክ ብሎ። ሰውየው የመኪናውን በር ከፍቶ ሳይዞር ቀኝ እጁን አነሣ። እጁ አየር ላይ ተወዛወዘ፤ ሰላምታ ይሁን ሕመሙ አይለይም ነበር። በሩ ተዘጋ።

መኪናው ቀዩን አቧራ አስነሥቶ ከፋብሪካው ግንብ ጀርባ ሲጠፋ፣ ጥያቄው በአራሚው አፍ ውስጥ ተሰናድቶ አልቆ ነበር። አጭር ነበር። ከቃላቱ አንድም የሚታረም አልነበረውም።